«የድጎማ እህል ይቅር፣ ብር በስልክ ይላክ» ለተባለው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው መንግሥት ለድሃው በድጎማ እህል፣ ዘይትና ስኳር ማከፋፈሉን ጭራሽ እንዲያቆም ይመክራሉ። ምክንያታቸው ባጭሩ ይሄ ነው። የድጎማ እህል ግማሹ መንገድ ላይ ይሰረቃል፤ ህንድ ምስክር ናት። በእህል ፋንታ ብር በቴሌብር ቢላክ ሌባ አያገኘውም። የጣት አሻራና ፋይዳ መታወቂያ የውሸት ስሞችን ያጠራሉ። የሚሰጥ ነገር ካለም ለድሃ ድሃው ብቻ ይሁን። ድጎማ ገበሬውንና ገበያውን ይገድላል። ማሳረጊያ ላይ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል የተቋረጠበትን ጉድ ያነሱና፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ይላሉ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ሰውየው ከልባቸው እንደተቆጩም ያስታውቃል። ግን የጠሩት ምስክር ቀረብ ብለው ሲጠይቁት የሚናገረው ሌላ ነው። እኔም ሸማች ሱቅ ደጃፍ ላይ ተሰልፌ ዘይት የጠበቅሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከህንድ እንነሳ፤ እሳቸውም የተነሱት ከዚያ ነውና። የህንድ መንግሥት ከገበሬው ስንዴና ሩዝ ይገዛል፣ ያከማቻል፣ ከዚያ ከ500 ሺህ በላይ በሆኑ የራሽን ሱቆች በኩል ያድላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የምግብ ዋስትና ሕግ ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛውን ባለመብት አድርጓል። ከ800 ሚሊዮን በላይ ሰው ማለት ነው። ለአንድ ሰው በወር 5 ኪሎ ይደርሰዋል። የሩዙ ኪሎ 3 ሩፒ፣ የስንዴው 2 ሩፒ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በነጻ ሆኗል። በኮቪድ ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲዘጋ ተጨማሪ 5 ኪሎ የታደለውም በእነዚሁ ሱቆች ነው። ጸሐፊው የማይጠገን ያሉት ሥርዓት ይሄ ነው።

አዎ፣ ተሰርቋል። ግማሹ ይጠፋል የሚለው ወሬ ከሰማይ አልወረደም። ዣን ድሬዝና ሪቲካ ኬራ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. የ2004/05ን መረጃ ይዘው ሲያሰሉ፣ ከመንግሥት መጋዘን ከወጣው እህል 54 በመቶ ገደማው ቤተሰብ ጋ አልደረሰም። ጸሐፊው እዚህ ጋ ገጹን ዘጉት። ገጹ ግን ይቀጥላል። በ2011/12 ያው ስሌት 42 በመቶ ገደማ አሳየ። ይህ የመላ አገሪቱ አማካይ ነው። ቻቲስጋር የምትባለዋ ክልል ውስጥ ግን ከግማሽ አካባቢ ተነስቶ በአምስት ዓመት ወደ 10 በመቶ ገደማ ወርዷል። ቻቲስጋር ሀብታም አይደለችም። ጫካ የበዛባት፣ ድህነት የጸናባት ክልል ናት።

ምን ተአምር ተሠራ? ተአምር የለም። የክልሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2004 ሱቆቹን ከግል ነጋዴዎች ወሰደና ለመንደር ምክር ቤቶች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለሴቶች የቁጠባ ቡድኖች ሰጠ። ድሮ ባለሱቁ ለአንድ ኩንታል የሚታሰብለት ኮሚሽን 8 ሩፒ ነበር። በ8 ሩፒ ሱቅ ከፍቶ የሚውል ሰው ወይ ይዘጋል ወይ ይሰርቃል። ኮሚሽኑ ወደ 30 ሩፒ ከፍ አለ። እህሉንም ከመጋዘን እስከ ሱቁ በር ማድረስ የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ ባለሱቁ መኪና ፍለጋ መባዘኑ ቀረ።

የጭነት መኪኖቹ ደግሞ ቢጫ ተቀቡ። ይሄ የቀለም ነገር በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ቢጫው መኪና አንድ ነጋዴ መጋዘን በር ላይ ቆሞ ከታየ እረኛው ሳይቀር ነገሩ ይገባዋል። ለተመዘገበ ሰው ደግሞ መኪናው ሲነሳ በስልኩ መልእክት ይገባለታል፤ ስንት ጭኖ ወደየትኛው ሱቅ እንደሚሄድ። የሚታደልበትም ቀን ታወቀ። ሰው ሁሉ በዚያው ቀን ስለሚመጣ ባለሱቁ አንዱን ነገ ና፣ አንዷን አልቋል እያለ በየተራ መሸኘት አልቻለም።

ወደ እኛው እንምጣ። ሸማች ሱቅ ዘይት መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው ማነው? ጎረቤት ለጎረቤት ሹክ ይላል። ከዚያ ከንጋቱ ጀምሮ ጀሪካን በጀሪካን ይሰለፋል። ባለጀሪካኑ ሥራ ስለሚገባ ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ የማን ድንጋይ እንደሆነ ይመሰክራል። ረፋድ ላይ በሩ ገርበብ ይላል። ትንሽ ይሰጥና «አልቋል» ይባላል። ስንት ሊትር መጣ? ለስንት አባወራ ተሰጠ? በሩ ላይ የተለጠፈ አንዲት ወረቀት የለችም። ማታ ያው ዘይት ሰፈር ሱቅ ውስጥ በሌላ ዋጋ ይገኛል። እኔ ይህን ሳይ ዘይቱ ይቅር አላልኩም። ወረቀቷ ትለጠፍ ነው ያልኩት።

ስለ ስንዴያችንም ላንሳ። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት ከውጭ ያስገባውን ስንዴ ለዱቄት ፋብሪካዎች በኩንታል 550 ብር ገደማ ይሸጥ ነበር። ገበያ ላይ ስንዴ ከ1000 ብር በላይ ነበር። ልዩነቱን እናንተው አስሉት። ድጎማው የተከፈለው ስንዴው ፋብሪካ በር ሲገባ ነው። ዳቦ ሆኖ ሰው እጅ እስኪገባ የጠበቀው የለም። ስንዴው ወይም ዱቄቱ በጎን ቢሸጥ ትርፉ ከዳቦ ጋገራ በብዙ ይበልጣል። አየር በአየር ማለት ይሄ ነው።

ግብፅም ይሄው ጣጣ ነበረባት። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አካሄዷን ቀየረች። ዳቦ ቤቱ ርካሽ ዱቄት መቀበሉ ቀረና በሙሉ ዋጋ እንዲገዛ ተደረገ። ሰው መጥቶ በካርዱ ዳቦ ሲወስድ ያኔ ልዩነቱ ለዳቦ ቤቱ ይተካለታል። ድርሻው ለአንድ ሰው በቀን 5 ዳቦ ነው። ያልወሰደው ዳቦ ነጥብ ሆኖ ይጠራቀምለትና ሌላ ሸቀጥ ይገዛበታል። ዱቄቱን በጓሮ መሸጥ የነበረው ጥቅም በአንዴ ቀነሰ። ሌብነት ጨርሶ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ ዳቦ ሳይሰጡ ካርድ የሚያሳልፉ ዳቦ ቤቶች መጡ። ይህኛው ግን መዝገብ ላይ አሻራ ይተዋል። ዱካውን መከተል ይቻላል። ግብፅ ዳቦውን አልተወችም፤ ድጎማው የሚከፈልበትን ቦታ ብቻ ነው ከዱቄት መጋዘን ወደ ዳቦ መሸጫው መስኮት ያመጣችው። ጸሐፊው ከዚህ ለምን እንዳልጀመሩ አይገባኝም።

አሁን ብሩ ጋ ደረስን። የጽሑፉ ልብ ይሄ ነውና ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ብርና እህል በእኛው አገር ተወዳድረው ያውቃሉ። በ1997 ዓ.ም. በገጠር የተጀመረው ሴፍቲኔት ለአንድ የሥራ ቀን ወይ 6 ብር ወይ 3 ኪሎ እህል ይከፍል ነበር። ሲታቀድ ሁለቱ እኩል ናቸው ተብሎ ነው፤ በ6 ብር 3 ኪሎ ይሸመታል በሚል። ከዚያ 2000 ዓ.ም. መጣ። ያን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ክረምቱ ላይ ግሽበቱ ከ60 በመቶ አለፈ። 3 ኪሎ የሚቀበለው ሰውዬ 3 ኪሎውን ይዞ ቤቱ ገባ። 6 ብር የተቀበለው ገበያ ሄዶ እየቆጠረ ተመለሰ። ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ሲልም ገበያው ጥሎት ሄዶ ነበር። ድሮ ብር ይሻለናል ይሉ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ያኔ እህል ስጡን ማለት ጀመሩ። ይህን የሴፍቲኔቱን ተጠቃሚዎች ሲከታተሉ የነበሩ ተመራማሪዎች መዝግበውታል።

ቴሌብር ይህን አይቀይረውም። ብሩ በፖስታ ይምጣ በስልክ፣ ጤፍ ሲወደድ የሚገዛው ያው ነው። ጸሐፊው ብር አይሰረቅም ይላሉ። በእህል ጊዜ የሰረቀው የመጋዘን ሰው ቢያንስ ይከሰሳል። 6 ብሩን የበላውን ግሽበት ማን ከሶት ያውቃል?

ህንዶችም ሞክረውታል። ጃርክሃንድ በምትባለው ክልል፣ ናግሪ በተባለ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሙከራ ተጀመረ። ሰው ሩዙን ባንድ ሩፒ መግዛቱ ቀረና ድጎማው በባንክ ደብተሩ ይገባለት ጀመር። ከዚያ እሱ ራሱ ሱቅ ሄዶ ኪሎውን በ32 ሩፒ ይገዛል። ወረቀት ላይ ንጹሕ ነው። ኑሮው ግን እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ብሩ መግባቱን ለማየት ባንክ። ገብቶ ከሆነ ለማውጣት ሌላ ቦታ። ካወጡ በኋላ ሱቅ። ሱቁ የሚከፈትበት ቀን ካልገጠመ ነገ ደግሞ ሌላ ቀን። ባንዱም በሌላውም የቤተሰብ አባል ስም ደብተር ካለ ብሩ ማን ጋ እንደገባ ፍለጋ። የቀን ሠራተኛ ይህን ሁሉ ሲዞር የቀን ገቢውን እያጣ ነው። ሰዎቹ ሲጠየቁ 97 በመቶው አንፈልግም አሉ። ሙከራው ዓመት ሳይሞላው በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. ተሰረዘ። ጸሐፊው ህንድን ምስክር አድርገው ሲጠሩ ናግሪን ለምን ረሷት?

ብር ክፉ ነው አላልኩም። የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰው ይዞ ሲጀምር በቀን 60 ብር ይከፍል ነበር፤ በባንክ። ጠዋት መንገድ ሲጠርጉ የምናያቸው እናቶች ብዙዎቹ በዚህ የገቡ ናቸው። ብር ለኪራይ ይሆናል፣ ልጅ ሲታመም ይሆናል፣ ለደብተር ይሆናል። ዘይት እነዚህን አይሠራም። ገበያ ቅርብ ከሆነና ዋጋ ከተረጋጋ እኔም ብር እመርጣለሁ። ችግሩ የእኛ ዋጋ መቼ ተረጋግቶ ያውቃል የሚለው ነው። ብሩ ከእህል ዋጋ ጋር አብሮ እንዲጨምር በደንብ ካልታሰረ፣ ዛሬ የ15 ኪሎ የሆነው ብር የዛሬ ዓመት የስንት ኪሎ እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ጸሐፊው ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፉም።

የጣት አሻራውን በተመለከተ፣ ጸሐፊው ሌባው የት እንደሚቆም በደንብ ያዩት አይመስለኝም። የውሸት ስም አለ፤ እሺ። ህንድ ውስጥ ግን ትልቁ ስርቆት ሌላ ዓይነት ነው። ባለካርዱ ራሱ መጥቶ፣ ራሱ አሻራውን ሰጥቶ፣ ለ5 ኪሎ ይፈርምና 4 ኪሎ ይዞ ይሄዳል። ማሽኑ ጣቱን አየ፤ ሚዛኑን አላየም። ያ ሰው ቢከራከር የሚቀጥለው ወር አለበት። ስለዚህ ዝም ይላል።

ማሽኑ ራሱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ድንጋይ ሲፈልጡ፣ አፈር ሲቆፍሩ የኖሩ አዛውንቶች ጣታቸው መስመሩ ጠፍቷል፤ ማሽኑ አላውቃችሁም ይላቸዋል። ኔትወርክ የሌለበት መንደር ማሽኑን ይዘው ዛፍ ላይ የወጡ ባለሱቆች ዜና ሆነው ነበር። ከሁሉ የከፋው እ.ኤ.አ. በ2017 ጃርክሃንድ ውስጥ ሆነ። የአንድ ቤተሰብ የራሽን ካርድ ከአገሪቱ የጣት አሻራ መታወቂያ ጋር አልተያያዘም ተብሎ ተሰርዞ ነበር። የ11 ዓመት ልጃቸው ሞተች። እናት ርሃብ ነው አለች፤ ባለሥልጣናቱ በሽታ ነው ብለው ተከራከሩ። ካርዱ መሰረዙን ግን ማንም አልካደም።

ፋይዳን ግን አልጥለውም። እንዲያውም ጸሐፊው ያላዩለት ጥቅም አለው። ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አንዱ ክልል የተሰጠው የራሽን ካርድ ሌላው ክልል እንዲሠራ አደረገች፤ በ2022 ሁሉም ክልሎች ገቡበት። ከቢሃር ተነስቶ ዴልሂ ግንበኛ የሆነ ሰው ስንዴውን ዴልሂ ይወስዳል። አሁን ይህን ወደ አዲስ አበባ አምጡት። ከወሎ መጥቶ ኮልፌ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ አለ። የቀበሌ መታወቂያ የለውም። አከራዩ አያስመዘግበውም፤ መሸኛ አምጣ ይባላል። መታወቂያ ከሌለ ኩፖን የለም። ኩፖን ከሌለ ሸማች ሱቅ የለም። ስለዚህ ከሁሉም ውድ ዘይት የሚገዛው እሱ ነው። ባለቪላው አከራይ ግን ኩፖን አለው! ፋይዳ ይህን ሰው ቢያስገባው እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ነኝ። ሰው ለማስወጣት ብቻ ከተጠቀሙበት ግን የጃርክሃንድን መንገድ ነው የምንደግመው።

ለድሃ ድሃው ብቻ የሚለው ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ አደረገች። ሁሉም ይወስድ የነበረውን፣ ከድህነት መስመር በታች ያለ ብቻ በርካሽ ይውሰድ አለች። ከዚያ ማነው ድሃ የሚለው ጥያቄ መጣ። መልሱን የሚሰጡት የመንደሩ ሹማምንት ሆኑ። መሬት ያለው ካርዱን አገኘ፤ ብዙ መሬት አልባ ሳያገኝ ቀረ። የእኛም ቀበሌ ኮሚቴ ከዚህ የተለየ መልአክ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ሰልፉ ላይ የሚቆሙት አቅመ ደካሞች ብቻ ከሆኑ «አልቋል» የሚለው ቃል ይሠራል። ማን ይናገራል? አስተማሪዋ፣ ነርሱ፣ ጡረተኛው መቶ አለቃ አብረው ከተሰለፉ ግን ነገሩ ይለወጣል። መቶ አለቃው መዝገቡን አምጡ ይላሉ። ቻቲስጋር ስርቆቱን የቀነሰችው ባለመብቱን አብዝታ ጭምር ነው። ታሚል ናዱ የምትባለዋ ክልል ደግሞ ድሃና ሀብታም ሳትለይ ለሁሉም ትሰጣለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሩዙ በነጻ ነው። ሥርዓቷም ከአገሪቱ ጥሩ ከሚባሉት አንዱ ነው። ወጪው ይበዛል የሚል ክርክር ይነሳል፤ ትክክል ነው፣ ይበዛል። ያን ያህል ገንዘብ አለን ወይ የሚለውም የምር ጥያቄ ነው። ጠባብ ማድረግ ግን በራሱ ስርቆት ይቀንሳል ማለት አይቻልም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው የታየው።

ስለ ገበሬው ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ። የደርግ የእህል ኮታ ምን እንዳደረገ ገበሬው ራሱ ይነግራችኋል፤ ዘር ጎድሎት ከገበያ በውድ እየገዛ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲነሳ ያዘነ ገበሬ አልሰማሁም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የዋጋ ተመንም በጥቂት ወራት ውስጥ ነው በአብዛኛው የፈረሰው፤ ዕቃው ከመደርደሪያ ጠፋ። ህንድም ብትሆን መንግሥት በተረጋገጠ ዋጋ ሩዝ ስለሚገዛ የፑንጃብ የከርሰ ምድር ውሃ እየወረደ ነው። እነዚህ ሁሉ ግን ከገበሬው እንዴት ይገዛል የሚል ጥያቄ ናቸው። በደህና ዋጋ ገዝቶ በርካሽ ማደል ይቻላል፤ ልዩነቱን ግምጃ ቤቱ ይሸከማል። ገበሬውን አስገድዶ ማስሸከም ሌላ ነገር ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ነው የጣሉት።

የቀረው የ2015ቱ ነው። ለእርዳታ የመጣ ስንዴ ገበያና ወፍጮ ቤት ተገኘ ተባለ። የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ ትግራይ ላይ፣ ከዚያ ሰኔ ላይ በመላ አገሪቱ አቋረጡ። ስደተኞች ሳይቀሩ ተቋረጠባቸው። ሰፋ ብሎ የቀጠለው 2016 ገብቶ ነው። ስንዴውን የሸጠው ሰው በእነዚያ ወራት ጾም አደረ? አላደረም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። እህሉ ሲቆም በምትኩ ብር የላከላቸውም የለም። ሥርጭቱ ሲመለስ ደግሞ አዲስ ምዝገባ፣ አዲስ ቁጥጥርና እህሉን እስከ ተቀባዩ የመከታተል አሠራር ተይዞ ነው የተመለሰው። ጸሐፊው ለመዝጋት ማስረጃ ያደረጉት ታሪክ ራሱ ተዘግቶ አልቀረም፤ ተጠግኖ ነው የተከፈተው።

ጸሐፊው መልስ ቢጽፉ ደስ ይለኛል። ስታቲስቲክስ አልጠይቅም። ብሩን በወር ስንት ሊያደርጉት እንዳሰቡ፣ ጤፍ በጨመረ በስንተኛው ቀን እንደሚስተካከል፣ የሚያስተካክለውም መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ይንገሩን። ኮልፌ ያለው ተከራይ በምን መታወቂያ እንደሚመዘገብም ጨምረው።